የሐይቁ ጓዳ

በአባቴ እስከ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ድረስ አፍሬ ኖርኩ። ሰው በአባቱ የሚያፍርበት ምክንያት አያጣም፤ አንዱ በስካሩ ያፍራል፣ ሌላው በድህነቱ። እኔ ያፈርኩት አደራ በላ ነው ብዬ ነበር። የማንን አደራ ቢሉኝ የዓሣን እላለሁ። የሚስቅ ይሳቅ። እኛ ጫሞ ሐይቅ ዳር ያደግን ሰዎች ግን በዚህ ነገር አንስቅም።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከአርባ ምንጭ ወረድ ብሎ፣ ከሐይቁ ዳር ካሉት የማንጎ ዛፎች ሥር ነበር። አባቴ ሊሻን ዓሣ አጥማጅ ነው። የትውልድ አገሩ ጨንቻ፣ ደጋው ነው፤ ወንድሞቹ በሙሉ ሸማኔዎች ናቸው። እርሱ ብቻ "ጉድጓድ ውስጥ እግሬን አንጠልጥዬ መወርወሪያ ስወረውር አልውልም" ብሎ ቆላ ወረደና ከውሃው ጋር ተጣበቀ። ብዙ አይናገርም። ሲስቅ እንኳ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

የበልግ ዝናብ ሊገባ ሲል አንድ ማለዳ "ነይ ኖላ" አለና ታንኳው ላይ አስቀመጠኝ። የሐይቁን ዳር ይዘን ረጅም መንገድ ቀዘፍን። ክፉ ጉማሬ አለበት እየተባለ ማንም የማይጠጋው ሸምበቆ ጋ ስንደርስ ማልቀስ ጀመርኩ።

"ጉማሬው!" አልኩት።

"ጉማሬ የለም፤ እኛው ነን ያስወራነው" አለና ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ሸምበቆውን በመቅዘፊያው ከፍሎ ገባ። ከበስተጀርባው እንደ ጓሮ የተከለለ ውሃ ነበር፤ ነፋስ አይገባበትም፣ ፀጥ ያለ ነው። አባቴ መቅዘፉን ተወ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከታንኳችን በታች የሰጠመ ግንድ የመሰለ ነገር አየሁ። ቀስ እያለ ወደ ላይ መጣ። ዓይን ነበረው፤ እንደ ወርቅ የሚያበራ ትልቅ ዓይን። ነጭ ዓሣ ናት። ገበያ ላይ የማውቃቸው ነጭ ዓሣዎች ክንድ የማይሞሉ ናቸው፤ ይህቺ ከእኔ ትረዝም ነበር። ከኋላዋ ሌላ መጣች፤ ከዚያ ሌላ። እጄን ወደ ውሃው ስሰድድ አባቴ አንጓዬን ያዘኝ።

"አዞም የዚህ ቤት ሰው ነው፤ እጅሽን ሰብስቢ" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እነዚህ እናቶች ናቸው። ዝናቡ ሲገባ ሊወልዱ እዚህ ይመጣሉ። በአንዷ ሆድ ውስጥ ያለው እንቁላል አርባ ምንጭ ከተማ ካለው ሰው ሁሉ ይበልጣል። ይህ የሐይቁ ጓዳ ነው፤ ጓዳ ደግሞ እንግዳ አይገባበትም።"

"የእኛ ናቸው?"

"የሐይቁ ናቸው። እኛ ዘበኛ ነን።"

ዘበኛ ሲባል እኔ የማውቀው ከተማ ያለውን የባንክ ዘበኛ ነው። ዱላውን ይዞ በር ላይ ሲቆም ባንኩ የእርሱ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አባቴ ሀብታም መሆኑን በዚያ ማለዳ አወቅሁ። ይህን ሁሉ ግዙፍ ዓሣ ደብቆ ያስቀመጠ ሰው!

ልንወጣ ስንል ከዳሩ እርጥብ ሳር ነጨና ግማሹን በእጄ አስያዘኝ። ቦታውን የሚያውቁት ስድስት አጥማጆች ብቻ መሆናቸውን ነገረኝ። ስድስቱም መረብ ላይጥሉበት፣ ለማንም ላይናገሩ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር በሚያዩበት ሜዳ፣ በዱቡሻ፣ ሳር ይዘው ምለዋል። መሐላ ማፍረስ ጎሜ ነው። ጎሜ የያዘው ሰው በገዛ አፉ ተናግሮ ካላወጣው ነገሩ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ዝናብ ይከለከላል፣ ላም ታስወርዳለች፣ ዓሣ ይጠፋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ሊያስፈራራኝ አልነበረም፤ ነገ ትምህርት ቤት አለ እንደሚባለው አድርጎ ነው የነገረኝ።

"ለማንም አልናገርም በይ።"

"ለማንም አልናገርም" አልኩ፤ ሳሩ እጄ ላይ ይበላኝ ነበር።

ለምን ወሰደኝ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት አመላልሼዋለሁ። አሁን የገባኝ መልስ በጣም ቀላል ነው፤ የሚወደውን ነገር ለሚወዳት ልጁ ማሳየት ፈልጎ ነው። ከዚህ ሌላ ጥፋት የለበትም።

ዓሣ ከታንኳ ወርዶ የሚሸጥበት ዳርቻ ከቤታችን አይርቅም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ነው የምውለው። አጥማጆቹ ቢላዋ ይስላሉ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ ሽማግሌ መስለው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ጋሽ ፈቃደ የሚባል ነጋዴ በረዶ የጫነ መኪናውን አቁሞ ዓሣ ይረከባል። ጋሽ ፈቃደን እንወደው ነበር። ኪሱ ከረሜላ አያጣም፤ ስማችንን በሙሉ ያውቃል፤ ሲስቅ ሐይቁ ማዶ ይሰማል።

አባቴ የሚያወጣው ዓሣ ከሌሎቹ ያንስ ነበር። የመረቡ ዓይን ሰፊ ነው፤ ትንንሾቹ ሾልከው ይወጣሉ። ዛሬ ይህን ለሌሎች የማስተምር ሰው ነኝ፤ ያኔ ግን አባቴ መረብ መግዛት የማይችል ሰነፍ መስሎኝ ነበር። ልጆቹም ይቀልዱብኝ ነበር፤ "የሊሻን ዓሣ ያለ መነጽር አይታይም" እያሉ።

አንድ ቀን ጋሽ ፈቃደ የአባቴን ዓሣዎች በአንድ እጁ አንስቶ መዘናቸውና፣ "ሊሻን ዓሣ ሲያይ ያዝናል እንጂ አይይዝም" አለ። ሁሉም ሳቀ፤ አባቴም ትከሻውን አንቀጠቀጠና መረቡን ሊያጥብ ሄደ። እኔ ቀረሁ። ዓይኔ እንባ አዝሏል። ጋሽ ፈቃደ አየኝና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ።

"ምነው ኖላዬ? ቀልድ እኮ ነው። ግን እስቲ አባትሽ ትልቅ ዓሣ አይቶ ያውቃል?"

"ከእኔ የሚበልጥ!" አልኩ።

"ኧረ ባክሽ! የት?"

"ጉማሬው ሸምበቆ ውስጥ። ጉማሬ የለም፤ የውሸት ነው። እናቶቹ በሙሉ እዚያ ናቸው። የእኛ ናቸው!"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ለእኔ ግን ታውቆኝ ነበር፤ እጄ ላይ ሳሩ የበላኝ ቦታ ድንገት በላኝ። ጋሽ ፈቃደ አልሳቀም፤ ሌላም አልጠየቀኝም። ራሴን ዳሰሰኝና ከረሜላ ጨመረልኝ። ዝም ያሰኘሁት መስሎኝ፣ አባቴን አስከበርኩት ብዬ እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ።

በአምስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከዳርቻው እልልታ ሰማን። ሮጥን። ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች በጀልባ ሞልተዋል። እንደ ፀጉር የቀጠነ መረብ ይዘዋል። እናቶቹ ሣሩ ላይ ተዘርግተው ነበር። አሥራ አንድ ቆጠርኩ፤ ከዚያ በላይ መቁጠር ሰለቸኝ። ውሃ ውስጥ የሚያበራው ዓይናቸው እንደ ወተት ነጥቷል። ሁለት ሁለት ወንዶች ለአንዷ እየሆኑ ተሸክመው ወደ መኪናው ወሰዷቸው። የቀሩትን እዚያው ሆዳቸውን ቀደዱ፤ እንቁላሉ እንደ ቀጠነ ገንፎ እየተዘረገፈ መሬት ላይ ወደቀ፤ አባ ኮዳዎቹ ተራ መጠበቁን ትተው ተሻሙበት። ሴቶቹ ትልልቅ ድስት ጣዱ። ጋሽ ፈቃደ በዳጣ እየነከረ አጎረሰኝ።

"ይህቺ ልጅ በረከት ናት!" አለና ከፍ አድርጎ ለሰዉ አሳየኝ። አፌም እጄም እርሱ በሰጠኝ ከረሜላ ተሞልቷል።

ከላይ ሆኜ አባቴን አየሁት። ከሰዉ ኋላ ቆሟል። መጀመሪያ ዓሣዎቹን አየ፤ ከዚያ ፈቃደን፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ከረሜላ። ትላልቅ ዓሣ የያዙት ሰዎች ስላሸነፉት የቀና መሰለኝ። ወረድኩና ወደ እርሱ ሄድኩ።

"ጣፋጭ ነው?" አለኝ፤ ዓይኑ ከረሜላው ላይ ነው።

"አዎ። ልስጥህ?"

"አይ። ጨርሺው እንግዲህ።"

ከዚያ ጎንበስ አለና መሬት ላይ የፈሰሰውን እንቁላል በሁለት እጁ አፈሰ። ወደ ውሃው ተሸክሞ ሄደና ቀስ አድርጎ ለቀቀው። ተመለሰ፤ እንደገና አፈሰ። አባ ኮዳዎቹ መሐል እየገባ ደጋግሞ ተመላለሰ። ሰዎቹ መሳቅ ጀመሩ። እኔ አፈርኩ። ከጓደኞቼ ጀርባ ሄጄ ተደበቅሁ።

ዛሬ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነኝ። ከተቀደደ ሆድ የወጣ እንቁላል ውሃ ስለነካ ብቻ እንደማይፈለፈል በወረቀት የተጻፈ ማስረጃ አለኝ። አባቴም ያውቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓሣ ቀዷል፤ ከእኔ በላይ ያውቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። መረቦች ባዶ ወጡ፤ ትንሹ ዓሣ ቆሮሶ እንኳ ሸሸ። ሰዉ ጎሜ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ላይ ተቀመጡና ስድስቱን አጥማጆች ጠሩ። እኛ ልጆች ከዋርካው ሥር ሆነን እናያለን። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ሀብተወልድ እርጥብ ሳር ይዞ ተነሣ። ሳሩ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የያዘ ሰው እውነቱን ይናገራል። የመጀመሪያው "እኔ አይደለሁም" ብሎ አሳለፈው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ከስድስቱ በኋላ ወደ እኔ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ ሽንቴን መያዝ አቅቶኛል።

ሳሩ አባቴ እጅ ገባ። አባቴ አላሳለፈውም።

"እኔ ነኝ" አለ። "ለፈቃደ ያሳየሁት እኔ ነኝ።"

ይህን ሲል ሽማግሌዎቹን አያይም፤ ወደ ዋርካው፣ ወደ እኔ ነበር የሚያየው። እንግዲህ የስምንት ዓመት ልጅ ይህን እንዴት እንደተረጎመችው ስሙኝ። አባቴም ተናግሯል ማለት ነው! እንዲያውም ከእኔ በፊት ሳይናገር አይቀርም። ስለዚህ የእኔ መናገር ምንም አላመጣም። እፎይ አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው ሲበርድ ደግሞ ንዴት ተከተለ፤ እኔን ሳር አስይዞ እያስማለ እርሱ ሲሸጥ ነበር ለካ!

ሰባት ክረምት ታንኳው ውሃ እንዳትነካ ፈረዱበት። ታንኳዋን ከውሃ አወጡና ደረቅ መሬት ላይ በአፏ ደፏት። አባቴ ሐይቁን እያየ መቀመጥ አልቻለም። በሦስተኛው ሳምንት መቀመጥ ወደማይወድበት ጉድጓድ፣ ወደ ወንድሞቹ ጨንቻ ወጣና ሸማ ሠሪ ሆነ። እናቴ በለጥሽ ማንጎና ሙዝ እየሸጠች እኔን ይዛ ቆላ ቀረች። ሰው ሲጠይቀኝ "አባቴ ሥራ ሄዷል" እላለሁ፤ ዓሣ ያስፈጀው ሊሻን የእኔ አባት ነው ማለት ሞቴ ነበር።

ለመስቀል ለመስቀል ይመጣል። የደጋው ብርድ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ሳል ጀምሮታል። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ በገዛ እጁ የሠራው ነጠላ አመጣልኝ። ጥለቱ የሐይቅ ውሃ የሚመስል አረንጓዴ ነው፤ መሐል ለመሐል ወርቃማ ክር ገብቶበታል። አጠገቤ አስቀመጠው።

"የአደራ በላ ሸማ አልለብስም" አልኩት።

እናቴ በጥፊ መታችኝ። በሕይወቷ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ነው የመታችኝ። "አንቺ!" አለች፤ "አንቺ እኮ..."

"በለጥሽ" አለ አባቴ፤ ድምፁን ሳያነሣ። እናቴ የቀረውን ዋጠችው። ያኔ ለባሏ ያደላች መሰለኝ። አባቴ ነጠላውን አጣጥፎ ትራሱ ሥር አደረገና በማግሥቱ ወደ ደጋው ተመለሰ።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዓሣ ተምሬ ስመረቅ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ አየሁት። የተዋሰው ኮት ሰፍቶታል። ምሳ ላይ ብዙ ከተቀመጠ በኋላ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ጓዳው ውስጥ አሉ?"

"የሉም" አልኩት። "ማን ጨረሳቸውና ይኖራሉ?"

ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁትም። "እውነትሽን ነው" አለ። ወጡን በእንጀራው ጠርጎ እጁን ታጠበ። አምና ጥር ላይ እዚያው ጨንቻ ሞተ። ቀብሩ ላይ ብዙም አላለቀስኩም፤ እንባ የሚወጣው ሰው ሲፈታ ነው መሰለኝ።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤቴ ዓሣ የሚራባባቸውን ቦታዎች ከመረብ ለመከልከል ዕቅድ አወጣ። የመጀመሪያው ቦታ ያ ሸምበቆ ነው። ወረቀት ብቻ ሐይቅ እንደማይጠብቅ ስለማውቅ የሽማግሌዎቹን ቃል ለመጠየቅ ጋሽ ሀብተወልድ ቤት ሄድኩ። ዘጠና ሊሞላው ነው፤ ዓይኑ ደክሟል። ስሜን ስነግረው እጄን ያዘና አልለቀቀኝም።

"የሊሻን ልጅ" አለ። "ቃላችንን እንሰጥሻለን። ግን አባትሽ ከሞተ ዓመት አለፈው፤ አሁን የያዝኩትን ልልቀቅ። ያኔ ፈቃደ ከጉባኤው በፊት ጠጥቶ ቤቴ መጥቶ ነበር። ማን እንደነገረው ተናግሯል።"

"አባቴ ነዋ" አልኩ።

"'በሦስት ከረሜላ ከልጅቷ አወጣሁት' ነው ያለኝ።"

"ታዲያ ታውቁ ነበር? ዱቡሻ ላይ ሲዋሽ ታውቁ ነበር?"

"በዋዜማው ጠርቼው ነግሬዋለሁ። 'ልጅ ናት፤ ሳሩን ወደ ውሃ ትወርውር፣ ይቅር በሉኝ ትበል፣ ያልቃል' አልኩት። ለልጅ ቅጣቱ ይኸው ብቻ ነው። እምቢ አለ። 'ስሟ ዱቡሻ ላይ አይጠራም፤ የሐይቁን እናቶች ያስፈጀች እየተባለች ታድጋለች፤ ማን አብሯት ይጫወታል፣ ማን ያገባታል' አለ። ሳር ይዞ መዋሸት ራሱ ጎሜ እንደሆነ አስታወስኩት። 'አውቃለሁ፤ ጎሜው እኔ ላይ ይሁን' አለኝ። ሸክም ስጡኝ የሚል ሰው ምን ይደረጋል ልጄ? ሰጠነው።"

በዚያች የዋርካ ሥር ደቂቃ እፎይ ያልኩት እፎይታ ከየት እንደመጣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁም ነበር። ለእኔ የተሠራ እፎይታ ነው፤ እርሱ ወደ እኔ ያየው እንደደረሰኝ ለማረጋገጥ ነው። እኔም አደራ በላ ብዬ መለስኩለት። ጮኼ አለቀስኩ፤ ሽማግሌው እጄን እንደያዘ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዱቡሻ ላይ ቆምኩ። ሴት ልጅ እዚያ ቆማ ስትናገር ብዙ አልተለመደም፤ ጋሽ ሀብተወልድ ግን "ትናገር" አለ። ሳሩ ያኔ እንደበላኝ በላኝ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ለፈቃደ የነገርኩት እኔ ነኝ። አባቴ አንድም ቃል አልወጣውም።" አንዳንዶቹ ጠላ ገበያ ላይ በአባቴ ስም የቀለዱ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አቀረቀሩ። ይቅር በሉኝ ብዬ ሳሩን ከሜዳው በታች ባለው ውሃ ላይ ወረወርኩ። ይኸው ነው። ያለቀው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። አባቴ ይህቺን ደቂቃ ሊያስቀርልኝ ነው ደጋ ላይ ሲስል የኖረው።

ቅጣቱ ያበቃ ሰው ታንኳውን ሽማግሌዎቹ ያቀኑለታል። የአባቴን ማንም አላቀናለትም ነበር፤ ሰባቱ ክረምት ሲያልቅ ሊጠይቅ አልመጣም። ከማንጎው ሥር እንደተደፋች ሣር በቅሎባታል። አራት ሰዎች ጠርዟን ይዘው ሊያነሡ ሲሞክሩ እጃቸው ላይ ፈረሰች። ምስጥ ውስጧን ጨርሶታል። የቀረችውን አንዲት ፍላጭ አነሣሁ።

ሰኞ ከሥራ ባልደረባዬ ከፈቃዱ ጋር — የዚያ ፈቃደ ዘመድ አይደለም — ለቆጠራ ወደ ጓዳው ገባን። አባቴ የሠራልኝን ነጠላ ለብሼ ነበር፤ እናቴ ከሣጥኗ አውጥታ ሰጥታኝ። ቀኑን ሙሉ ለናሙና መረብ ጣልን፤ ምንም። አመሻሹ ላይ፣ ልንወጣ ስንል፣ መዳፌን የማትሞላ አንዲት ነጭ ዓሣ ወጣች። ዓይኗ ወርቅ ነው። በሁለት እጄ ይዤ ቀስ አድርጌ ውሃው ላይ ለቀቅኋት።

"አሉ" አልኩ።

"ምን?" አለ ፈቃዱ፤ ደብተሩን ገልጦ ሊጽፍ።

"አንዲት አለች።"

እርሱ አንድ ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ ደጋው፣ ወደ ጨንቻ አዙሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደገና "አሉ፣ አባዬ" አልኩ። የተመረቅሁ ቀን ምሳ ላይ ብዬው ቢሆን ኖሮ እርሱ ይሰማኝ ነበር።